ጥፍር

አሞራ ገደል ላይ፣ ዓሣ ሚበለትበት፣
ካላንደር ተሰቅሏል፣ ዓመቱ ያለፈበት፤
ከጳጉሜ ወዲያ ገጽ የለው፣ ማንም አይገልጠው፣
ቅርፊት ተለጥፎበት፣ ጠርዙን ዝንብ ወረሰው።

ሥዕሉ ንስር ነው፣ የበረዶ አገር፣
ምንቃሩ ቢጫ ማጭድ፣ እግሩ የዛፍ ሥር፤
ከረጋ ባሕር ዳር፣ ከግግሩ ጫፍ ላይ፣
ዓሣ ጨብጦ ቆሟል፣ ወዲያ ወዲህ ሳያይ።
ዱሬቲ ቢላዋ ስትስል ታየዋለች፤
«ብርዱ አልበቃ ብሎህ፣ ብቻህን?» ትለዋለች።

የኛው ንስር ደግሞ ሾላው ላይ ነው ቤቱ፣
ወተት እንደ ፈሰሰበት ነጭ ነው ደረቱ፤
ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ሐይቁ ይሰነጠቃል፣
ሰምቶ ለማያውቅ ሰው የሚስቅ ይመስላል።
አባ ኮዳ ከሥሩ፣ እንደ ጡረተኛ ቆሞ፣
አንጀት ይጠብቃል፣ በሰልፍ ተዳክሞ።
እሱ ሰልፍ አያውቅም።

አንድ ንጋት፣ ኅዳር ላይ፣ ታቦር ጉሙን ሳይገፍ፣
እኔ ከጀልባዋ ውኃ ስጨልፍ፣ ላሚሶ ሲቀዝፍ፣
ከሾላው ተወርውሮ ሐይቁን በጥፍሩ ወጋ።
አልተነሣም።
ያገኘው አምባዛ ነው፣ የጥጃ ያህል ሥጋ።
ክንፉ ውኃው ላይ ተነጠፈ፣ እንደ ራሰ ጋቢ፤
ዙሪያው ሁሉ ጮኸ፣ ጀልበኛው፣ መረብ ሳቢ፦
«ልቀቀው! ልቀቀው፣ አንተ ሞኝ!»
አልለቀቀም።
ክንፉን መቅዘፊያ አድርጎ፣ ቀዘፈ እንደ ሰው፣
ጎትቶ፣ ጎትቶ፣ ከፊላው አደረሰው።
ጀልባው ሁሉ ሳቀ፣ ፉጨት፣ ጭብጨባ፤
የላሚሶ ድምፅ ግን ወደ ሆዱ ገባ።

ቆይቶ ነው የነገረኝ፣ ስለ ወንድሙ፣ ስለ ዳንጊሶ።
ነፋስ የመጣ ሌሊት፣ ማዕበሉ ብሶ፣
የመረቡን ገመድ አንጓው ላይ ቋጥሮ ነበር።
«ልቀቅ!» ብዬ ጮህኩ አለኝ፤ «ልቀቅ፣ ይቅር!»
«የዱቤ ነው» አለ።
ሌላ ቃል አልሰማሁም።

ንስሩ ፊላው ውስጥ፣ በስብሶ፣ ተንፈራጥጦ፣
ይበላል አምባዛውን፣ ቀና አይልም ደንግጦ።
ጥፍሩ አንዴ ከገባ አይወጣም ይላሉ ሽማግሎቹ፤
እውነት ይሁን አላውቅም።
ላሚሶ መቅዘፊያ ባነሣ ቁጥር አንጓውን ያሻል።

ዱሬቲ የዳንጊሶ ሚስት ነበረች።
የመረቡን ዕዳ ትከፍላለች፣ በየወሩ፣ እስካሁን፤
ቢላዋዋን ስትስል ታየዋለች፣ ያን፣ የበረዶውን፣
ዓመቱ ሁሉ አልፎ፣
ዓሣውን እንደ ጨበጠ የቀረውን።