አንቺ ብትሆኚስ?

የካቲት ነው፣ ኤድመንተን ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኾ እኔን ሲያነሣ፦
«አማርኛ ይፈለጋል፤ የልብ ክፍል፣ አራተኛ ፎቅ» አሉኝ፤
ጓንቴን ሳላገኝ ወጣሁ፤ ጣቶቼ መሪው ላይ ደረቁብኝ።

የሥራዬ ሕግ አጭር ነው፣ በቃሌ እወጣዋለሁ፦
የተባለውን እላለሁ፤ ያልተባለውን እተዋለሁ።
አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ አላባብል፣ አላስፈራ፤
ድምፅ ነኝ እንጂ ሰው አይደለሁ፣ በዚያ በነጭ መብራት ሥፍራ።

ወይንሸት ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤
ደባልቄ በረዶ ከሚጠርግበት መኪና ወርዶ፣ ከነቦቲው ነው የመጣው።
ልጅቱ ስም የላትም፤ ሰማንያዋ ገና፣ ክርስትናዋ ሩቅ፤
ከንፈሯ የበሰለ እንጆሪ፣ ጥፍሯም ጥቁር፣ ስትተነፍስ ጭንቅ።

ዶክተር ቦይቹክ ወንበር ስቦ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤
እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ለእኔ እንዲመች ቆራረጠ፦
«ከልቧ ወደ ሳንባዋ የሚወስደው መንገድ
ስትፈጠር ጀምሮ ዝግ ነው። ደሟ የሚሄድ
በአንዲት የጓሮ በር ነው። ማህፀን ሳለን ሁላችንም ነበረችን፤
በተወለድን በሁለት ቀን፣ በሦስት ቀን ተዘጋችልን።
ለእኛ መዘጋቷ ጤና ነው። ለእሷ ግን...»

ቆመ። እኔም ቆምኩ። ዝምታ በአማርኛ ምን ይባላል?
ጠብታው መድኃኒት በሩን ገርበብ አድርጎ ይዟል፤ እስከ መቼ ይይዛል?

«ድሮ» አለ፣ «ደረቷን እንከፍት ነበር። ዛሬም እንችላለን።
ሌላው መንገድ ግን፣ በብሽሽቷ ካቴተር እናስገባለን...»
«የሽንት?» አለች ወይንሸት። አስተረጎምኩ፤ ሕጉ ነውና።
ፈገግ አለ፦ «ከፓስታ የቀጠነ ነው፣ ደም ሥሯን ይዞ ሽቅብ የሚያቀና።
በሩ ጋ ሲደርስ ስቴንት...» ቃል አጣሁ። አየኝ። እስክሪብቶውን ፈታ፤
ውስጡ ያለችውን ጥምዝ ሽቦ አውጥቶ አሳየን በጸጥታ።
«ሞላ!» አልኩ፣ «ትንሽ ሞላ።» እሱ ከየት ያውቃል፣
በእኛ ቋንቋ ያው ቃል ሽቦም ነው፤ የጎደለም በእሱ ይሞላል።

ደባልቄ ቀና አለ፦ «ገባኝ። አውራ ጎዳናው በበረዶ ሲዘጋ
የውስጥ ለውስጧን ጠርጎ ማቆየት ነው፣ እስኪነጋ።»

«ልክ ነው። እስኪነጋ ብቻ። ልጅቱ ስታድግ ሞላው አያድግም፤
በስድስት ወር፣ በሰባት ወር፣ ቢላው አይቀርም።
ያኔ ግን ሰባት ኪሎ ትሆናለች፤ ዛሬ ሦስት እንኳ አልሞላችም።
ሽቦው ሊንሸራተት ይችላል፤ ሊደፈን። ደም ሥሯ ሊቀደድ።
ልትሞትም ትችላለች።» በእኛ ወግ መርዶ የሚነገር ጎሕ ሲቀድ፣
ሰው ተሰብስቦ ነው። እኔ ብቻዬን፣ በውድቅት፣
እንዳለው አልኩት፤ አንድ ቃል ሳላወላግድ።

ያኔ ነው ወይንሸት ወደ እኔ የዞረች፦ «አንቺ ብትሆኚስ?»
ሕጉን አውቃለሁ። ወደ ሐኪሙ መለስኩት፣ ቃሉን ሳልቀንስ።
«እኔን አይደለም» አለ፣ «አንቺን ነው የጠየቀችው።»
አንዲት መሣሪያ ሁለት ጊዜ ጢጥ ብላ ዝምታውን ሞላችው።
ምንም አላልኩ። ግን ፊት አለኝ፤ ሕጉ ስለ ፊት የሚለው የለም፤
አነበበችው መሰለኝ፤ እስክሪብቶ ጠየቀች፣ ለመፈረም።

ያለው አንድ፣ እሱም የተፈታ። የእኔን ሰጠኋት።

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወጣ፣ ቆቡ ግንባሩ ላይ መስመር አስምሮ፣
ደረቷ እንዳለ ነው፤ ብሽሽቷ ላይ አንዲት ፕላስተር፣ ከዚያ ሌላ ምን ኖሮ።
«ኦክስጅኗ ስልሳ አራት ነበር» አለ፣ «አሁን ሰማንያ።»
«ሰማንያ» አልኩ እኔም፣ እንዳለው፣ ቆሜ እዚያ።
ወይንሸት ከወንበሯ ብድግ፦ «ደረሰ? ሰማንያዋ?
ኧረ ስም እንኳ አላወጣንላት!» ሳቅም እንባም አፍኗት፣ በነጠላዋ።

«ምን አለች?» አለኝ።
ቄሱ፣ ጠበሉ፣ የሰማንያ ቀኑ ጉዞ፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ነው።
«ዶክተር» አልኩ፣
«ትንሽ ልጨምር ነው።»