ዘጠና ዘጠኝ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ በቆርቆሮው ቢሮ፣
ኦቦ ጉርሜሳ ቆመዋል፣ አውራ ጣታቸው በቀለም ተነክሮ።
«ሊዙ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ነው» አለ ጸሐፊው ልጅ፤
«ሰማንያ ሁለት ነኝ፤ ደምራትና ንገረኝ እንጅ!»
ልጁ ሳቀ። «ለዘላለም ቢባልስ፣ ይፈርማሉ?»
ዝም አሉ።

በመስኮቱ ማዶ እስካቫተር ኮረብታውን ሲቆፍር፣
«ምንጭ ነበረን» አሉ፣ «እዚያ ቋጥኙ ሥር።
የጠጣንበት ሰባት ነበርን። ስድስቱን ቀበርኩ።
አሁን የሚፈሰው እኔ ውስጥ ብቻ ነው፤
ነበር ስል፣ ጃጀ ተባልኩ።
ይልቅ ግማሹን ዓመት ቀንስ፣ ልጄ፣ ካሻህም ውሰድ ሁሉን፤
አንድ ሰው ጨምርልኝ፣ የሚያውቅ ጣዕሙን።»

ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

አሻራው አልወጣም፤
መስመሩን እርፍ በልቶታል።