ፈረቃ

የሰፈሬ ስሙ ቧንቧ ውሃ ይባላል፤
ቧንቧው ግን በሳምንት አንድ ሌሊት ያወራል።
ማክሰኞ፣ ሌሊቱ ልክ ሲሆን እኩል፣
መጀመሪያ ያስነጥሳል፣
ቀጥሎ ያጉረመርማል፣
ዝገቱን ይተፋል፣
ከዚያ ውሃ ይሆናል።

ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ደርቦ፣
ብቸኛዋን ቧንቧ እንደ ሙሽራ ከቦ፣
ቢጫ ጀሪካኑን በእግሩ እየገፋ
ተራ ይጠብቃል፣ እያዛጋ በይፋ።
እኔም ተሰልፌ ጀሪካኔን ሞላሁ።
«ለሻይ ነው?» አሉኝ እትዬ ጦይባ።
«ለኮምፒውተር» አልኩ።
ሰልፉ ሁሉ ዞረ።
«ኮምፒውተር ይጠማል?»
«አይጠማም፣ ይሞቀዋል።»
«ደሴ ላይ? በሐምሌ? ጦሳ ጉም ተከናንቦ?
በረንዳ ብታኖረው
ጥርሱን ያንቀጫቅጨው የለ፣ ብርዱ ተረባርቦ!»

እንዴት ልንገራቸው?
ታች ኮምቦልቻ፣ ከፓርኩ ሼድ ውስጥ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ከካውያ እንፋሎት ጋር ስንፋረድ፣
ላቤ ካንገቴ ላይ በሸሚዝ አንገትጌ ሲወርድ፣
አንድ ነገር ብቻ፣ የራሴ የምለው፣
ከሙቀት ላስጥል ብዬ እንደማልኩ፣ ለማን ነው የምነግረው?

ሐረጎን ስንወጣ ሳጥኑን ከጭኔ ላይ በሁለት እጅ ይዤ፣
ረዳቱ «የሁለት ሰው ክፈል» ቢለኝ ከፈልኩ፣ ፈዝዤ።
ባዶ ነበር ያኔ፤
በመስታወቱ ጎን የሚታየው ገና
የራሴ ጉልበት ነው።

አባቴ ይመር የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤
እንደ ቧንቧው ሁሉ በፈረቃ ነው የሚናገረው።
ከበር ላይ ቆመና
ጀሪካኑን አየ፣ ራዲያተሩን አየ።
«በዚህ ውሃ?» አለ። «ይህን እኔ አውቀዋለሁ።
ከተራራ ሲወርድ ኖራ ይዞ ይመጣል።
ባለ አራት ኢንች ቧንቧ ቆርጬ አይቻለሁ፤
በሃያ ዓመቱ ውስጡ እርሳስ አያስገባም።
ያንተ ደግሞ ከጅምሩ እርሳስ ያክላል።»
ነጠላ ጫማውን ሳይቀይር ወጣ፤
ከጋራዥ ሦስት ጠርሙስ የባትሪ ውሃ ገዝቶልኝ መጣ፤
የድሮ መሣሪያውን ከአልጋ ሥር አወጣ።

ጀሪካኔን ወስጄ ለእትዬ ጦይባ ሰጠሁ።
«ጠገበ?» አሉኝ።

ሌላውን ሳናገናኝ ፓምፑን ብቻ አስነስተን፣
በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አነጠፍን።
«ቧንቧ አይዋሽም» አለ፤ «ጊዜ ስጠው እንጂ።»
በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ በጣቱ ጫፍ ብቻ
ሶፍቱን እየዳሰሰ አነጋው።
ሊነጋጋ ሲል አንዷ ረጠበች፤
ከፕሮሰሰሩ ራስ፣ በስተግራ በኩል።
እኔ በድንጋጤ ትልቁን ቁልፍ አነሳሁ።
እሱ በሁለት ጣት
ሩብ ዙር ወደ ኋላ አላላት።
«ቀለበቷ ላስቲክ ነች» አለ፤
«ስትጨነቅ ታለቅሳለች።»

በሳምንቱ ማታ ሶፍቱ ሁሉ ደረቅ።
ማብሪያውን ስነካው ማራገቢያው ነቃ፤
አረፋው ሽቅብ ሮጦ ከማጠራቀሚያው ጫፍ ጠፋ።
የጨዋታው መኪና፣ ሄጄ በማላውቀው ከተማ፣ ዝናብ ሰንጥቆ ሲበር፣
ሙቀቱ ከሃምሳ ሁለት ላይ ንቅንቅ አላለም ነበር።
እኔ ጮህኩ።
አባቴ ስክሪኑን አላየም።
ጆሮውን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ መስመር ስዘረጋ፣
ቆጣሪ የሌለው፣
ቀን ከሌት የሚዞር፣ ፈረቃ የሌለው፣
እንዲህ ያለ ውሃ ለማንም አላደረስኩ።»
ትንሽ ቆየና፣
«ማንም አይጠጣውም እንጂ» ብሎ ሳቀ።

ሳቁን ሳይጨርስ መብራት ጠፋ።
ፓምፑ አንዴ ተንፍሶ ቆመ።
ጆሮውን ከመስታወቱ አላነሳም።
የቀረው ውሃ በየቱቦው ሲረጋ፣ ቁልቁል ሲተኛ፣
እሱ ሲያዳምጥ፣ እኔ እሱን ሳዳምጥ፣
ከግቢው ጥግ፣ ከጨለማው ውስጥ፣
ለካ ማክሰኞ ነው፤
ቧንቧው አስነጠሰ።