አንድ ጋት ዝቅ

የአባቴ ውጅግራ ሁለት ነበር መልኩ፤
የፋብሪካ ጥይት ሲጎርስ በልኩ፣
ዓይን ካረፈበት ዝንፍ አይልም ነበረ፤
እኛ የሞላነውን ሲቀምስ ግን አፈረ፣
አንገቱን ደፋ፦
አንድ ጋት ዝቅ፣ ሁለት ጣት ወደ ግራ፣
ከደጅ ተንበርክከው ሲያልሙ ነጭዋን ድንጋይ፣ ከማዶው ጋራ።

አጅባር ሲመሽ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።
ገብሱ ገብቷል፤
እሱ ከምድጃው ዳር እርሳስ ያቀልጣል፣
ያገለገለ ቀለህ በአመድ ይወለውላል፤
እኔ ከእሳቱ ርቄ፣ ከመደቡ ጥግ፣
ባሩድ ሰፋሪ ነኝ፣ በእናቴ የኩል ብልቃጥ ክዳን።
«ክዳኑን ሙሊው፣ ሐዋ፣ በጣትሽ ላጭው።
አትጠቅጥቂው፣ አታራግፊው፤
ባሩድ እንደ እንግዳ ነው፣
ቤት ሲጠበው ይቆጣል፣ ቤት ሲሰፋው ይሰንፋል።»
ስንት ጊዜ ነገረኝ! ግን ልጅነት አለ፣
ጣቴ እየላጨ ሳለ ጭንቅላቴ ዘነበለ።

እሱስ ያውቅ ነበር።
ሲያልም፣ ከዒላማው በላይ አንዲት ጋት ሰማይ ይጨምራል፣
ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ይሻገራል፤
ለአንድ እግር ብቻ የተሰፋ ጫማ ነበር ያ ጠመንጃ፣
ሌላው ቢያጠልቀው የሚያነክስ።

አራጌ ደምሌ መጣ በጨረቃ፣ ጋቢውን ጥሎ፣
«ሙሄ! ጅብ ከበረቴ ገባ!» ብሎ።
አባቴ ጠመንጃውን ሰጠ፣ አምስት ጥይት ቆጠረ፤
ቆጠረለት እንጂ፣ ጋቷን አልነገረ።

አራጌ ተኳሽ ነው። ተንበረከከ፣ ትንፋሹን ዋጠ።
ማዶ፣ ከበረቱ አፍ፣
ጅቡ የመጋሉን ጫንቃ ነክሶ ይጎትታል፣
ዓይኑ ብቻ ይታያል፣ ዓይኑ ይነድዳል።
በጅቡ ግንባርና በበሬው አንገት መሐል
የቀረው አንድ ጋት ነበር።
ቃታውን ሳበ።
ጅቡ ሄደ።
መጋሉ ቀስ ብሎ፣ እንደሚሰግድ ሰው፣ ተንበረከከ።

አበጋር ጦይብ ከአውድማው ተቀመጠ፤
መሐላ አልጠየቀም፣ ምስክር አላማረጠ።
«ከሰል አምጡ» አለ፣ ድንጋይዋ ላይ ክብ አሰመረ፤
ሦስት የፋብሪካ፣ ሦስት የእኛን ቆጠረ፣
ለራሱ ለአራጌ ሰጠው። መንደሩ ጆሮውን ያዘ።
የፋብሪካዎቹ ከክቡ ልብ ገቡ፣
ባንድ አንቀልባ እንዳደጉ ተጠጋግተው።
ከእኛዎቹ ሁለቱ ዝቅ ብለው፣ ወደ ግራ፣ ጎን ለጎን።
አበጋር ሄዶ እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ፤
ጋቱ ገጠመ።
«ጠመንጃው አልዋሸም። የአራጌም እጅ አልራደ።
ሙሄ፣ ያወቅከውን ነገር
ማን ነው አፍህ ውስጥ የጠቀጠቀው?»
አባቴ መሬት አየ።
በማግስቱ ጊደሯን ነድቶ ከአራጌ ደጅ አሰራት፤
እናቴ ወተቱን አሰበች መሰለኝ፣ አንድ ሳምንት አላናገራት
ለእኔም፣ ለእሱም፣ ለጎረቤትም ምላሷ።

ስለ ሦስተኛዋ ግን ማንም አልጠየቀ።
ሁለት ጋት ወርዳ፣ የድንጋዩን ግርጌ ሳር ላጭታ፣
አፈር ነበር የገባችው።
እሷ የእኔ ናት፤ የዚያች የእንቅልፍ ሌሊት።
ከአራጌ አምስት ጥይቶች መሐል
እህቶቿ ስንት እንደነበሩ አላውቅም፤
መጋሉን የጣለችው የአባቴ ዝምታ ትሁን
ወይ የእኔ ማንጎላጀት።

ውጅግራው ዛሬ ሚስማር ላይ ዝጓል። አባቴም አፈር ለብሷል።
ክዳኗ እኔ ዘንድ ናት።
በአመድ አጥቤያታለሁ፣ በሎሚ ፈትጌያታለሁ፤
ያም ሆኖ ለሰርግ፣ ለአረፋ፣ በተኳልኩ ቁጥር
ግራ ዓይኔ፣
ግራው ብቻ፣
ያነባል።