ችካል

ልየው ብስክሌቱን ሲሰጠኝ «ለማታ» ብሎ ነበር፤
በሦስተኛው ቀን መለስኩለት፣
ካላማዳሪያው የተጣፈ፣ ካቴናው የሚያንገራግር።
ስልኬ ግን ከኪሴ ሆኖ ሁሉን ሲመዘግብ ሰንብቷል፤
ከባሕር ዳር እስከ አዴት፣ ከአዴት እስከ ሞጣ ማዶ
አንድ ቀይ ክር ተተርትሯል።

ሌሊቱን ክሩን ዘርግቼ ችካል መትከል ጀመርኩ፤
ከኋላ ለሚመጣ ጋላቢ የማውቀውን ነገርኩ፦

«እዚህ ጠጠሩ ልቅ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የፊት ፍሬን አትያዙ።»

«ከዋርካው ሥር እትዬ ብርነሽ ቅቅል ድንች ይሸጣሉ። ዝርዝር ያዙ፤ ስማቸው ነው እንጂ ብር፣ መልስ የላቸውም።»

«ውሻው የተጣላው ከጎማው ጋር ነው። ወርዳችሁ ግፉ፤ ይተዋችኋል።»

«እዚህ ላይ መስመሩ ወንዙን በአየር ይሻገራል። እኔ አልበረርኩም፤ ስልኩ ሰማይ ጠፍቶት ነው።»

እንዲህ ስጽፍ፣ እንዲህ ስተክል ዶሮ ጮኸ፣ ክሩም አለቀ፤
ማለቂያው ላይ ግን ቋጠሮ ሆኖ አንድ ቦታ ተጣበቀ።
ሁለት ጥማድ በማትሞላ መሬት አሥራ አራት ጊዜ ዞሯል፤
ስልክ እንደ ሞኝ ታማኝ ነው፣
የሄድሽበትን እንጂ የሄድሽለትን የት ያውቃል?
ልየው አይቶ «ጠፍተሽ ነው?» አለኝ።
«ጎማ ፈንድቶብኝ» አልኩት።
ዋሸሁት።
የአያቴ የእምቢያለ ማሳ ነው፤ ድንበሩን ፍለጋ ነው የዞርኩት።
ባሕር ዛፍ በቅሎበታል። የማላውቃቸው ሰዎች አጥረውታል።
ከጥግ የተኛው ጥቁር ድንጋይ ብቻ
እንደ ተኛ ቀርቷል።

በስድሳ፣ «መሬት ይለካ» ተብሎ ቀያሽ የመጣ ሰሞን
ሌሊት አያድርም ነበር አሉ፣ ችካል ቢተከል ቀን፤
እምቢያለ ነቅሎ ያመጣል፣ ሚስቱ ትማግደዋለች፤
አርባ ማታ የቤታችን ሽሮ
በመንግሥት እንጨት ተንተክትካ በሰለች።
ስሙም የመጣው ከዚያ ነው።
የፊተኛውን የሚያስታውስ የለም።

አሁን ሰማንያ ስምንቱ ነው። ሞጣ፣ አክስቴ በረንዳ ላይ አገኘሁት።
«ካርታ ሠርቼ መጣሁ፣ አባባ።»
«ካርታ?» ዱላውን ተደግፎ ቀና አለ። «በማን ስም?»
«በማንም። አገር ሁሉ ያየዋል።»
«ግብሩንስ?»

ጣቱን መስታወቱ ላይ ቢያሳርፍ አገሩ ተንሸራቶ ሸሸ፤
ፍም እንደ ነካ ሰው እጁን ወደ ጋቢው አሸሸ።
ከዚያ «አንብቢልኝ» አለ።
ድንቹ ጋ ስደርስ፣ «ዋርካ አይደለም፣ ሾላ ነው።» አረምኩ።
ወንዙን በአየር ስሻገር ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤
ውሻውንም በስም ጠየቀኝ፣
የሞተውን፣ የዚህን ውሻ ቅድመ አያት።
ቋጠሮው ጋ ስደርስ ግን ሳቁ ደረቀ።
«እዚህስ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ምንጭ አለ። ከድንጋዩ ጀርባ፣ ከጽዱ ሥር። በጋም አይነጥፍ።»

ዝም አለ። መንገዱን ባጃጅ አለፈበት፤ አቧራው እስኪወርድ ጠበቀ።
«አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንት ችካል ነቀልኩ?»
አልመለስኩም።
«ስድሳ ያህል ነው። አንዲቷ እንግዲህ ላንቺ ትቅር።»

ሌሊት፣ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ፣ ያችን ችካል ጫን አድርጌ ያዝኳት፤
ስልኩ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ፤
ነቀልኳት።
ሊንኩን ለልየው ከመላኬ በፊት፣ ቋጠሮው ባዶ ሆኖ እንዳያስጠረጥር፣
ለመንገደኛው ሁሉ እንዲህ ብዬ ጻፍኩበት፦

«እዚህ ጎማ ፈነዳብኝ። የሚታይ ነገር የለም። እለፉ።»