አሥራ አምስተኛው

ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከቁማር ቤቱ ጀርባ፣
ባንኮኒዬን ስወለውል፣ ጀምበር ስትገባ፣
ሚስተር ፒከርስጊል መጡ፣ የእንግሊዟ ሃል ሰው፣
ከረባታቸው የጠመመ፣ ሌላ እጅ የለመደው።
«ጂን በቶኒክ፣ ለእሷ» አሉ።
በዓይኔ ፈለግኩ፤ አጠገባቸው ወንበር እንጂ ሴት የለም።
«በረዶ ሁለት፤ ሎሚ አንድ ስስ ቁራጭ፤ ከዚያ በላይ አትወድም።»

ቀዳሁ። ካርዳቸውን ነካሁ። ማሽኑ አንድ አለ።
ብርጭቆው ከባዶው ወንበር ፊት ተተከለ።
የእሳቸውን ቢራ ወዲያው ልቀዳ ብል፣ አይቻልም፤
አንድ ካርድ በአንድ ጊዜ ሁለት መጠጥ አያዝም።
«ልጠብቅ» አሉኝ፤ «ድሮም እሷ ናት የምትቀድም።»

እኔ ሮዴልዮ ነኝ፤ ኢሎኢሎ ነው አገሬ፤
ዘጠኝ ዓመት ባሕር ላይ ቆሜያለሁ እስከ ዛሬ።
ሕጉን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ፦
በቀን አሥራ አምስት፤ ከዚያ ወዲያ አልቀዳም፤
ቢለምኑኝ፣ ቢቆጡኝ፣ ቢያለቅሱም አልረዳም።
ማሽኑ ቀይ ያበራል፤ እጄን አነሳለሁ፤
«ይቅርታ፣ ለነገ» ብዬ ፈገግ እላለሁ።
ነገ የሚባለውም የእግዜር ነገ አይደለም፤
ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ይታደሳል ዓለም።
እዚህ ሰው ልኩን በልቡ አይዝም፤
ካርዱ ያውቅለታል፤ እሱ አይጨነቅም።

ታዲያ ስንቱን አየሁ!
በአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ፣ ሰማያዊ ቀለም የገባበት ቮድካ፤
የአንዷ ሙሽራ እቅፍ አበባ ቢፈተሽ፣ ግንዱ ቱቦ ነበር ለካ!
መሰላሉ አፍ ላይ ዳንባሃዱር፣ ኔፓላዊው ፈታሽ፣
«ሻምፖ ነው» ሲሉት ያሸታል፤ «የኔ እመቤት፣ ሰክሯል ጸጉርሽ።»
በየወደቡ የተገዛ ጠርሙስ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣
እስከ መጨረሻው ማታ ይታሰራል ከታችኛው ቤት።
የሃሉ ሰውዬም አላቸው፤ ሁለት መቶ ስድስት ቁጥሩ፤
የባርቤዶስ ሩም ነው፤ ቀይ ሰም አለው ዳር ዳሩ።

በሦስተኛው ማታ ነገሩኝ፣ ሳልጠይቃቸው።
ትኬቱን በጥቅምት ገዙ፤ ያኔ ሁለት ናቸው።
አንዱ የመጠጥ ጥቅል ከገዛ ከክፍሉ፣
ሌላውም ይግዛ ነው ሕጉ፤ አይቻልም ማታለሉ።
«እኔ በዓመት አንድ ጂን ነው፣ ለገና የምቀምስ፤
አሥራ አምስቱን በየትኛው ሆዴ?» ብላ ሳቀች ሞሪን፣ እንባዋ እስኪፈስ።
በየካቲት ሞተች።
ኩባንያው የእሷን ድርሻ፣ ሳንቲም ሳያዛንፍ፣ መለሰ፤
ስሟን ከዝርዝሩ አወጣ፤ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጨረሰ።

እናም በአንዱ ካርድ ሁለት ሰው ይጠጣል፤
አንዱ ይጎነጫል፣ አንዱ ይቀመጣል።
በረዶው ይሟሟል፤ ሎሚው ይገረጣል፤
ሌሊት ያው ሙሉው ብርጭቆ ከማጠቢያዬ ይገለበጣል።

አለቃዬ ዝቮንኮ ሪፖርቱን አንብቦ፣
«ሰካራም ነው ሰውዬው፤ በቀን አሥራ አምስት!» አለ፣ ግንባሩን ሰብስቦ።
«ሰባት» ልለው ነበር። ማሽኑ ግን ሰባት አይልም፤
የተቀዳውን እንጂ የተጠጣውን አያውቅም።
ዝም አልኩ።

በመጨረሻው ማታ አብረን ቆጠርን፤ እሷ ስምንት፣ እሳቸው ሰባት።
ቀይ መብራት። እጄን አነሳሁ፤ ፈገግታዬን ግን አጣሁት።
«ተዋት» አሉ፣ ከረባታቸውን እየነካኩ፤ «በአንድ ትበልጠኛለች፤
አርባ ሰባት ዓመት በካርታም፣ በነገርም እንዲህ ነች።»

ጠዋት ወረዱ። ክፍል የሚያጸዳው ዊራዋን ጠርሙስ ይዞ መጣ፤
ሁለት መቶ ስድስት፤ ሰሙ ያልተነካ፤ ስሜ ተጽፎበት በቀጭን ብዕር ጣጣ።
እኔ ግን ሠራተኛ ነኝ፤ የኔ ልክ ባዶ ነው፤
ዳንባሃዱር ትንፋሼን በቱቦ ነው የሚለካው።
ጠርሙሱ ወደ ታች ተመለሰ፣ በስሜ፣ በአዲስ ቁጥር፤
ውሌ እስኪያልቅ ይታሰራል፤ አራት ወር ከሦስት ቀን፣ ስቆጥር።

ማታ አዲስ እንግዶች ሞሉ። ካርድ ነካሁ። ማሽኑ አንድ አለ።
ባዶው ወንበር ፊት
አንድ ስስ የሎሚ ቁራጭ አኖርኩ፤
ለሎሚ ካርድ አይጠየቅም።