ምሰሶ ቁጥር 117

እኔ ስመጣ ጉድጓድ ነበር።

ቁሰይስ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከኩሽናው መስኮት ቁልቁል ሳይ፣
ቢጫ አጥር፣ ውኃ የሚመጥ ፓምፕ፣ አቧራ የለበሰ ሰማይ፤
ባሕሩ ከሥር እየመነጨ ጉድጓዱን ሲሞላው፣
ቀን የቆፈሩትን ሌሊት ጨው ሲበላው።
"ምን ሊሆን ነው?" አልኳት ማዳምን ስታልፍ፣
"ባቡር" አለችኝ፣ "በሰማይ የሚከንፍ።"
ሳቅሁ ለራሴ፣ ሽንኩርቱን እየከተፍኩ፤
ሰማይ ላይ ሐዲድ! ስንቱን ጉድ ሰምቼ አሳለፍኩ።

ከዚያ ብረት በቀለ፣
እንደ ሰንበሌጥ ጫካ፣ በሽቦ የታሰረ፤
በቆርቆሮ ከበቡት፣ ሲሚንቶው ሌሊቱን ሲወርድ አደረ።
በሳምንቱ ሲገልጡት ምሰሶ፤ እርጥብ፣ አመድማ፣
ላቡ ያልደረቀ፣ እንደ እንግዳ ያፈረ በማያውቀው ከተማ።
በቀይ ቀለም ጻፉበት፣ አንድ መቶ አሥራ ሰባት፤
የመታወቂያዬን ቁጥር ሳልይዝ የእሱን ያዝኩት ባንድ ሌሊት።

የመጀመሪያ ደሞዜ፣ አንገቱ ሲወጣ፤
ሁለተኛው ዘግይቶ፣ አናቱ ላይ ክንፉ ሲመጣ፤
የጦይባን የትምህርት ቤት ልብስ በላክሁበት ሳምንት
ክሬኑ ተሰብሮ ሥራው ቆመ ሦስት ቀናት።
የሁለት ዓመት ውሌ እንደ ልቃቂት ተተርትሮ፣
ውሉ ሲጠፋኝ የሚያቀብለኝ እሱ ነበር፣ ቆጥሮ።

በሐምሌ፣ ከቀትር እስከ ዘጠኝ፣ ሥራ ክልክል ነው ይላሉ፤
ሰዎቹ በምሰሶው ጥላ ካርቶን አንጥፈው ይተኛሉ።
ጥላው ሲዞር፣ ሳይነቁ፣ እነሱም ይዞራሉ፤
ከላይ ሲያዩአቸው የአንድ ትልቅ ሰዓት ቆጣሪ ይመስላሉ።

በጥቅምት ያ የብረት አንበጣ መጣ፣
ከምሰሶ ምሰሶ የሚራመድ፣ በስንዝር የሚወጣ፤
የድልድዩን ቁራጭ በገመድ እያንጠለጠለ፣
በሙጫና በብረት ጅማት አንዱን ባንዱ እየቀጠለ።
መንገዱ በአየር ላይ፣ ቀስ እያለ እየተዘረጋ፣
ወደ ኩሽናዬ ቀረበ፣ መብራቱ ሌሊቴን ሲያነጋ።

አንድ ቀን ድስት ሳጥብ ቀና ስል፣
ሰው! በዓይኔ ልክ የቆመ፣
ፊቱ በጨርቅ የተጠመጠመ፤
በቢጫ ሄልሜቱ ላይ ስሙ አለ፣ በዐረብኛ የተጻፈ፤
ልጅ ሳለሁ የቀራሁት ለዚህ ቀን ተረፈ፦
መቅቡል።
በእኛ አገር ዱዓ ሲያልቅ "መቅቡል ይሁን" ይባላል፤
እዚህ ዱዓው ራሱ በአየር ላይ ቆሞ ብሎን ያጠብቃል።

በአውራ ጣቱ ወደ አፉ ጠቆመ፣ ውኃ ማለቱ ነው፤
መስኮቱ አይከፈትም፣ ለኤር ኮንዲሽኑ ሲባል የታሸገ ነው።
ቧንቧ ከፍቼ፣ ብርጭቆ ሞልቼ አሳየሁት፤
ከዚያ፣ ሌላ ምን ላድርግ፣ እኔው ጠጣሁት።
ሳቀ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። እኔም ሳቅሁ፤
ከመጣሁ ወዲህ የገዛ ድምፄን ያን ቀን ሰማሁ።

በአራተኛው ቀን አንበጣው ተራመደ፣
መቅቡልም አብሮት ሄደ።

ከዚያ ሐዲድ፣ ከዚያ ሽቦ፣ ከዚያ ጣቢያው፣ ጣሪያው እንደ ዛጎል፣
ጎሕ ሲቀድ ወርቅ የሚመስል፣ ቀትር ላይ ዓይን የሚያቃጥል።
አንድ ሌሊት ባዶ ባቡር አለፈ፣ ለሙከራ፣
ሹፌር የለው፣ ሰው የለው፣ መብራቱ ብቻ የበራ።
ማዳም በማግስቱ ሠራተኛ ጠራች፣
"ተሳፋሪ ያየናል" ብላ መስኮቱን ነጭ ላስቲክ አለበሰች።
ያን ምሰሶ፣ ዕለት በዕለት ቆጥሬ ያሳደግሁት፣
ባለቀ ማግስት አጣሁት።
በቢላ ጫፍ፣ ከታች ጥግ፣ የሳንቲም ታህል ፋቅሁ፤
ቀዩን ቁጥር አየሁና ሽንኩርቴን ላጥሁ።

ውሌ ያለቀ ቀን፣ ሻንጣዬን ይዤ፣ ተሳፈርኩ፤
ግንባሬን መስታወት ላይ አስደግፌ ምሰሶዬን ፈለግሁ፣ አንገቴን ሰበርኩ።
አይታይም ለካ!
የተሸከመህን፣ እላዩ ሆነህ፣ አታየውም ለካ።

ሕንፃው መጣ። አራተኛ ፎቅ። ነጩ መስኮት፤
ከጥጉ፣ ሳንቲም የምታህል መብራት።
አንዴ ጨለም አለች።
ዓይን ነው መሰለኝ።
እጄን ሳነሳ ባቡሩ አልፏል።